ከዐባይ ሥር የተቀበረው ሸለቆ

ከልጆቻችን ጋራ በወንዝ ዳር ስንሄድ ከውሃው በላይ ከፍ ባለው ደልዳላ መሬት ላይ ወንዝ ያለዘበው ድቡልቡል ጠጠር ተዘርግቶ እናያለን። ልጆቹም «ውሃው እስከዚህ ድረስ ወጥቶ ነበርን?» እያሉ ይጠይቁናል። ብዙዎቻችን ጎርፍ ያመጣው ነው ብለን እናልፈዋለን፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ወንዙ አስቀድሞ በዚያ ከፍታ ይፈስ ነበርና፥ ኋላ መሬቱን እየቈረጠ ሲወርድ የቀድሞ ወለሉን እንደ እርከን ትቶት ሄዷል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ከአገራችን ወጥቶ ወደ ምስር የሚወርደው ዐባይ ነው። ሳንድፎርድና አርክል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሊቃውንት ከ1920ዎቹ ጀምሮ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል) በምስር የወንዙን ዳር እየተከተሉ እርከኖቹን ለኩ። 100፥ 50፥ 30 እና 10 ጫማ ከፍታ ባላቸው እርከኖች ውስጥ የጥንት ሰው የጠረበውን የድንጊያ መሣሪያ አገኙ፤ ከዚያ በላይ ባሉት ግን የሰው እጅ ሥራ አልተገኘም። በእርከን ዘንድ ከሁሉ ከፍ ያለው ከሁሉ ያረጀ ነውና።

በተቀበረ ሸለቆ ውስጥ ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል፤ በጎተራ እንደ ተጨመረ እህል የታችኛው አሮጌ፥ የላይኛው አዲስ ነው። ይህም ከ1960 እስከ 1970 በተሠራው በአስዋን ታላቅ ግድብ ጊዜ በግልጽ ታየ። ግድብ የሚሠራ ሁሉ መሠረቱን በዐለት ላይ ሊያሳርፍ ይወዳል፤ በዚያ ስፍራ ግን ዐለቱ ከ200 ሜትር በሚበልጥ አሸዋና ጭቃ ሥር ተቀብሮ ተገኘ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ውሃ ሾልኮ እንዳያልፍ ሲሚንቶና ሸክላ አፈር በኀይል ወደ ውስጥ እየገፉ አሸዋውን ማጠንከር ግድ ሆነባቸው። ቹማኮፍ የተባለው የሩሲያ ሊቅ ደግሞ ከጥልቁ የወጣውን ጭቃ ቢመረምር፥ ባሕሩ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሳለ፥ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት አገኘበት!

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከ6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሜዲቴራኒያን ከውቅያኖስ ጋራ የሚገናኝበት በር ተዘግቶ ባሕሩ በፀሐይ እጅግ ጐደለ። ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ በ1970 ከባሕሩ ወለል በታች ብትሰረስር ደርቆ የቀረውን ጨው አግኝታለች። ወንዙም ወደ ጐደለው ባሕር ለመድረስ ምድሩን በጥልቅ ቈረጠ፤ ዛሬ በካይሮ ቤቶች ሥር ያለው ሸለቆ ከ2000 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ከ5.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ በጅብራልታር በኩል ሲመለስ ሸለቆው የባሕር ክንድ ሆነ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ በደለል ሞላ። ያ ወንዝ በዚያን ጊዜ ከአገራችን ይነሣ እንደ ሆነ ሊቃውንት ገና ይከራከራሉ።

ከሁሉ በላይ የተነጠፈው ጥቁር ደለል ግን አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበ አፈር ነው። ምስርን ስላጠገበ አናዝንም፤ ገበሬያችን በየክረምቱ ያጣውን ግን ልንረሳው አንችልም። ከ1964 ጀምሮ ይህ ደለል በአስዋን ሐይቅ ውስጥ ይቀር ነበር፤ በጉባ የተሠራው ግድባችን ውሃ መያዝ ከጀመረበት ከ2020 ወዲህ ደግሞ ብዙው በዚያው በጉባ፥ ከግድቡ በስተጀርባ፥ ይነጠፋል።