መንግሥተ ሰማያት በገበያ አትሸጥም

መንግሥተ ሰማያት ዋጋ ተቈርጦላት የምትሸጥ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። እኔም በወጣትነቴ ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ለፈተና ስቀርብ፥ አምላኬ ሆይ ብታሳልፈኝ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልሁ። አለፍሁ፤ ስለቴንም አስገባሁ። ነገር ግን ልብሴን ስታጥብልኝ ለከረመች አንዲት ድኻ ሴት የሦስት ወር ዋጋዋን አልከፈልኋትም ነበር። ጃንጥላው በሕዝብ ፊት ሲዘረጋ ደስ አለኝ፤ የሴትዮዋ ዕዳ ግን ትዝ አላለኝም።

ዛሬ ሳስበው ያ ስጦታዬ እምነት አልነበረም፤ መማለጃ ነበር። እግዚአብሔርን እንደ ጉቦኛ ዳኛ ቈጥሬው ነበርና።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 19 ገልጠህ የዘኬዎስን ታሪክ ተመልከት። ይህ ሰው በኢያሪኮ የቀራጮች አለቃ ነበር። ጌታችን በቤቱ ሊውል የወደደው ገንዘቡን ከመለሰ በኋላ አይደለም፤ ገና በሾላው ዛፍ ላይ ሳለ ነው። ዘኬዎስ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድኾች ለመስጠት፥ በግፍ የወሰደውንም አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል የገባው እንግዳውን በደስታ ከተቀበለ በኋላ ነው። እንግዲህ ጸጋው ቀደመ፤ ሥራው ተከተለ። በምዕራፍ 23 የተጻፈው ወንበዴም በመስቀል ላይ ሳለ ለመጾምና ለመመጽወት ጊዜ አልነበረውም፤ በእምነት ለመነ፥ የገነትንም ተስፋ ተቀበለ።

ይህን ሰምቶ፥ እንኪያስ ማመን ይበቃኛል፥ እንደ ወደድሁ ልኑር የሚል ቢኖር፥ እርሱም እንደ ቀድሞው እኔ ነጋዴ ነው። እኔ በጃንጥላ ልገዛ አሰብሁ፤ እርሱ በባዶ ቃል ሊገዛ ያስባል። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ሥራ የሌለውን እምነት ከሬሳ ጋር የሚያመሳስለው ስለዚህ ነው። ዛፍ ሕይወት ለማግኘት ብሎ አያፈራም፤ ሕይወት ስላለው ግን ያፈራል።

ስጦታ አይሰጥ ማለቴ አይደለም፤ በፍቅር የተሰጠ ሁሉ መልካም ነው። የምቃወመው በድኻ ላብ የተገዛውን ነው።

ያችን ሴት ከብዙ ዘመን በኋላ ብፈልጋት ከሰፈሩ ሄዳ አጣኋት። ዕዳዬም እስከ ዛሬ አለ። አንተ ግን የምትከፍለው ሰው በደጅህ ሳለ ዛሬውኑ ክፈል። መንግሥተ ሰማያትን ለመግዛት ብለህ አይሁን፤ በነጻ ስለ ተሰጠችህ ነው እንጂ።