ወንድ ነው ሴት? ከዚያ በፊት የት ተፈለፈለ?

የአጎቴ ልጅ የሚኖረው አሜሪካ ነው። መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን፣ እንቁራሪት ያረባል። አትሳቁ፤ እኔ ስቄ ጨርሻለሁ። ባለፈው ክረምት ዘመድ ልጠይቅ ወደ ደሎ መና እንደምሄድ ሲሰማ ደወለና «ከሀረና ጫካ ሁለት የዛፍ እንቁራሪት ያዝልኝ፤ ወንድና ሴት ይሁኑ። የሚያመጣልኝ ሰው አለ» አለኝ። እምቢ አልኩት። ተቀየመኝ።

ልጁ ሥራውን እንደሚያውቅ መመስከር አለብኝ። ያሉት የአውስትራሊያ አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪቶች ናቸው። ውሃቸው ክሎሪን የወጣለት ነው፤ የሚበሉት ፌንጣ ላይም የካልሲየም ዱቄት ይነሰነስበታል። ወንዱን ከሴቷ መለየት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ልጅ እያሉ አይታወቅም። ሲያድጉ የወንዱ ጉሮሮ ጠቆር ብሎ ይሸበሸባል፤ ሌሊት እየጮኸ ቤት የሚያውከውም እሱ ነው። ሴቷ ገዘፍ ትላለች፣ ጉሮሮዋም ነጣ ያለ ነው። ለማራባት ደግሞ በጋና ክረምት ይሠራላቸዋል፦ መጀመሪያ ደረቅ ያለ ሰሞን፣ ከዚያ በፓምፕና በተበሳሳ ቱቦ የሚወርድ «ዝናብ»። ዝናቡ ሲመጣ ወንዱ ሴቷ ጀርባ ላይ ይወጣል፤ እንቁላሉ ሺህ ሊያልፍ ይችላል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ልጅ ማን ይቀልባል? ትልልቆቹን ለይቶ ካላስቀመጠ ደግሞ ትንንሾቹን ይውጧቸዋል።

ታዲያ ጾታ ለመለየት ይህን ያህል የሚጠበብ ሰው «የት ተፈለፈለ?» የሚለውን ጥያቄ እንዴት ይዘለዋል? ጠባችን እዚህ ላይ ነው። በሰው ቤት የተፈለፈለ እንቁራሪት ለሳጥን ኑሮ አዲስ አይደለም። ከጫካ የተያዘው ግን ይደነግጣል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ጥገኛ ትሉንና በሽታውንም ይዞ ይገባል። በሽታ ስል ኪትሪድ የሚባለውን የቆዳ ፈንገስ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ፈንገሱ ቢያንስ 501 የእንቁራሪትና መሰል ዝርያዎችን እንዳመናመነ፣ ከእነዚህም 90ዎቹ ጠፍተዋል ተብሎ እንደሚገመት ይናገራል። በ2018 እዚያው መጽሔት ላይ የወጣው ደግሞ መነሻው ምሥራቅ እስያ መሆኑንና የእንስሳት ንግድ እንዳዛመተው ያስረዳል። የእኛም አገር አላመለጠም፤ በኢትዮጵያ ደጋ እንቁራሪቶች ላይ በብዛት መገኘቱ በ2012 ታትሟል። «እንቁራሪት ዜና አይሆንም» ያላችሁኝ የክፍሌ ልጆች፣ ይሄ ዜና ካልሆነ ምኑ ነው ዜና?

«ሁለት ብቻ ናቸው እኮ» አለኝ። ሁለት ይሁኑ እንጂ ደጋችን ላይ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይገኙ የዛፍ እንቁራሪቶች አሉ። (አንዷማ ስሟ የዛፍ ሆኖ ዛፍ አትወጣም፤ መሬት ቆፍራ ነው የምትኖረው።) ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በሕግ ያስጠይቃል። ያ «የሚያመጣልኝ» ያለው ሰው ኤርፖርት ላይ ቢያዝስ?

አንድ ነገር ግን ተናገረኝ፣ ለጊዜው መልስ ያጣሁለት፦ «ጫካው እየተመነጠረ አይደል? እኔ ጋ ቢያንስ ይተርፋሉ።» መመንጠሩ እውነት ነው። ሆኖም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ዝርያ አያተርፉም። ልጆቻቸው ሁሉ እህትና ወንድም ናቸው፤ ማንን ከማን ሊያጋባ ነው? ማራባት ካማረው የአውስትራሊያዎቹ ይበቁታል፤ እነሱን ከጫካ ሳይሆን ከአርቢ ቤት ማግኘት ይቻላል።

ደሎ መና ሳለሁ አንድ ማታ ዝናቡ ካባራ በኋላ የእንቁራሪቶቹን ጩኸት በስልኬ ቀድቼ ላክሁለት። ሁለት ሳምንት ዝም አለ። ከዚያ አንዲት መስመር ጻፈልኝ፦ «ሁሉም ወንድ ናቸው።»