ጊደሯ ሳትወልድ ተዋወቋት

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ስለሌለች ላም ነው። ላሟ ግቢያቸው ውስጥ ቆማ ወተቷን ያላዩ ቤተሰቦችም ግን ጥቂት አይደሉም። በሱሉልታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱ ወይም በደብረ ብርሃን ሰፋ ያለ ግቢ ያላችሁ አንባቢዎቼ ታሪኩን ሳታውቁት አትቀሩም። ባልና ሚስት ለልጆቻቸው ወተት መግዛት ይሰለቻቸውና ያጠራቀሙትን አውጥተው አንዲት ያረገዘች ክልስ ጊደር ይገዛሉ። በረት ይሠራል፣ ድርቆሽና ፉርሽካ ይገባል፣ የመውለጃዋ ቀን ይቆጠራል። ጊደሯ ስትወልድ ቤቱ በደስታ ይሞላል። በማግስቱ ማለቢያ ይዞ የተጠጋት ሰው ግን በእርግጫ ይመለሳል። ቀጥሎ ገመድ ይመጣል፣ ከገመዱ በኋላ ዱላ፣ በመጨረሻም ደላላ።

«ክፉ ላም ሸጡልን» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጊደሯ ክፉ ሆና አይደለም። ከተወለደች ጀምሮ ግቷን የነካ ሰው የለም። አሁን ወልዳለች፣ ግቷ አብጦ ያማታል፣ ጥጃዋን ወስደውባታል፤ በዚህ ላይ የማታውቀው ሰው ከሆዷ ሥር ገብቶ ጡቷን ይጎትታል። ብትራገጥ ምን ይገርማል? ጊደርን ለአለባ ማላመድ የሚጀመረው በወለደች ማግስት ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው።

ወተቱን ማን ያዘው?

ጥጃው ሲጠባ ወይም ጡቷ ለብ ባለ ውሃ ሲታጠብ፣ ከላሟ አንጎል ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል። ይህ ሆርሞን በደም ተጉዞ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ በግቷ የተጠራቀመውን ወተት ወደ ጡቶቿ ያወርደዋል። ሥራው የሚቆየው ግን ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ላሟ ከደነገጠች ወይም ከተመታች ደግሞ አድሬናሊን ይመጣና የኦክሲቶሲንን ሥራ ያግዳል። ስለዚህ በዱላ የቆመች ላም ወተት «የደበቀች» ብትመስልም፣ ወተቱን የያዘው ፍርሃቷ ነው። ግቷ ውስጥ የሚቀረው ወተትም ለጡት በሽታ ይዳርጋታል፤ በሚቀጥሉት ቀናት የምትሰጠውንም ይቀንሰዋል።

ከመውለዷ በፊት ያሉት ሁለት ወራት

ላም የምታረግዘው ለ9 ወር ከጥቂት ቀናት ነው። ሰባተኛው ወር ላይ ስትደርስ ሥራውን ጀምሩ። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን።

መጀመሪያ ስም አውጡላትና በረቱ ከመግባታችሁ በፊት በስሟ ጥሯት። ላም ግራና ቀኟን በሰፊው ብታይም ልክ ከኋላዋ ያለውን አታይም፤ ስለዚህ ከጎን፣ በትከሻዋ በኩል ቅረቡ። በእጃችሁ ጥቂት ፉርሽካ ወይም ጨው ይኑር።

የመጀመሪያው ሳምንት ለአንገቷና ለትከሻዋ ብቻ ነው፤ እከኩላት፣ በብሩሽ አበጥሯት። ይህን ስትወድ እጃችሁን ወደ ጀርባዋ፣ ከዚያ ወደ ሆዷ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እግሯ አሳልፉ። ግቷ ላይ የምትደርሱት ሌላውን ሁሉ ከለመደች በኋላ ነው። እግሯን ብታነሳ እጃችሁን ወዲያው አትሰብስቡ፤ ስትራገጥ ከሸሻችሁ እርግጫ እንደሚያዋጣት ትማራለች። አትጩኹባት፣ አትምቷት፤ እስክትረጋጋ ጠብቁና በተረጋጋችበት ቅጽበት እጃችሁን አንሱ። ጊደር የምትማረው ከዚያች ቅጽበት ነው።

በዚያው ሰሞን ገመድም አስለምዷት። ወደፊት በምትታለብበት ቦታ ከግርግሙ አስራችሁ ፉርሽካና ፋጉሎ ስጧት። ቦታውን አስቀድማ በመብል ካወቀችው የአለባው ቀን አይከብዳትም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ግቷን መዳበስና ማጠብ ይቻላል፤ «እስቲ ወተት አላት ወይ» ብሎ ጡቷን መጭመቅ ግን አይገባም። ከመውለዷ በፊት የጡቷን ቀዳዳ የሚዘጋ የተፈጥሮ መድፈኛ አለ፤ እሱ ከተነሳ ለበሽታ በር ይከፈታል።

የመጀመሪያው አለባ

ጥጃው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገሩን ይጥባ። ጥጃ ሲወለድ የራሱ የበሽታ መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። ሰውነቱ ያንን የመቀበል አቅሙ ደግሞ በየሰዓቱ ይቀንሳል። የቤተሰቡ ድርሻ ከጥጃው በኋላ ነው።

ስታልቡ ጥጃውን እንድታየው በፊቷ በኩል አቁሙት። ጡቷን ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጠብታዎች በጥቁር ዕቃ ላይ አልባችሁ ተመልከቱ፤ የረጋ ነገር ወይም ደም ካለበት፣ ወይም ግቷ ቀልቶ ቢያተኩስ፣ የጸባይ ጉዳይ አይደለምና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ጤነኛ ከሆነች በሙሉ መዳፋችሁ ከላይ ወደ ታች እየጨመቃችሁ እለቡ፤ በሁለት ጣት መጎተት ጡቷን ይጎዳል። ወተቱ አንዴ ከወረደ ሥራውን አታቋርጡ።

የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ አይሁን

በከተማ ቤት ላሟን የሚንከባከበው ብዙ ጊዜ ተቀጣሪ ነው። ልጁ ለበዓል አገሩ ሄዶ የቀረ ዕለት ላሟም ወተቷን ይዛ ትቀራለች፤ የምታውቀው የእሱን ድምፅና እጅ ብቻ ነዋ! ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በማላመዱ ሥራ ከመጀመሪያው ይግባ፤ ከወለደችም በኋላ በሳምንት ጥቂት ቀን ይለባት።

ልጆችም ይሳተፉ፤ ግን ከፊቷ እንጂ ከኋላዋ አይቁሙ። ድርቆሽ መስጠትና በስሟ መጥራት ለእነሱ በቂ ነው። የእንግዴ ልጁን ማንም በባዶ እጁ አይንካ። ወተቱም ሳይፈላ አይጠጣ፤ ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ «ግማሽ ሰዓት ከየት ይመጣል?» ካላችሁ ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱንም ከገበያው በፊት ማወቅ ይሻላል። ጊዜ ከሌላችሁ ጊደር አትግዙ፤ ወልዳ አለባ የለመደች ጥገት ፈልጉ። ዋጋዋ ከፍ ሊል ይችላል፤ ልዩነቱ ሌላ ሰው ለደከመበት ማላመድ የምትከፍሉት ነው። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ግን ሻጩ ፊታችሁ ይለባት፤ ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ እናንተም ሞክሩ። ዝም ብላ ከቆመችላችሁ ድካሙ በእርግጥ ተደክሟል ማለት ነው።