ዋናው አማካይ ሲጎድል፦ የ2005 ዓ.ም. ትምህርት ለዛሬ ቡድኖቻችን

ደብረ ብርሃን፦ በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር የወጣቶችን የእግር ኳስ ጨዋታ የሚከታተል ተመልካች አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ቡድኑን የሚያጫውተው አማካይ በጉዳት ወይም በካርድ ከሜዳ ሲርቅ፣ ከደቂቃዎች በፊት በቅብብል ይጫወት የነበረው ቡድን ኳሱን በረጅሙ ወደ ፊት መጣል ይጀምራል። የጎደለው አንድ ሰው ቢሆንም የሚለወጠው የአስራ አንዱም አጨዋወት ነው።

ምክንያቱ ከአማካዩ የሥራ ድርሻ ይመነጫል። ኳሱን ከተከላካዮች ተቀብሎ ለአጥቂዎች የሚያደርስ፣ ቡድኑ ኳስ ሲነጠቅም በተከላካዮች ፊት ቆሞ የተጋጣሚን ጥቃት የሚያዘገይ እርሱ ነው። በከፍተኛ ደረጃ ውድድር አንድ አማካይ በጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። እርሱ ሲጎድል በተከላካዩና በአጥቂው መካከል ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል፤ ተጋጣሚም የሚገባው በዚያው ክፍተት ነው።

ለዚህ ጉድለት ቀድሞ መዘጋጀት ምን እንደሚያስገኝ 2005 ዓ.ም. ሁለት ምሳሌዎችን ትቶልናል።

የመጀመሪያው የቡርኪና ፋሶ ነው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመታት በኋላ በተመለሰችበት የደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ጥር 17 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸንፈዋል። ከአራቱ ግቦች ሁለቱን ያስቆጠረው የማጥቃት አማካዩ አላን ትራኦሬ ነበር። ይኸው ተጫዋች በቀጣዩ የዛምቢያ ጨዋታ ተጎድቶ ከውድድሩ ውጭ ሆነ። እስከዚያ ሦስት ግብ ያስቆጠረላቸውን ሰው ያጡት ቡርኪናዎች ግን አልተበተኑም። ቻርልስ ካቦሬና ጃካሪጃ ኮኔ መሃሉን ይዘው ሲቆዩ፣ የማጥቃቱ ሸክም ወደ ጆናታን ፒትሮይፓና ወደ አሪስቲድ ባንሴ ተሻገረ። ቶጎንና ጋናን አልፈው በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ ደረሱ፤ በናይጄሪያ የተሸነፉትም 1 ለ 0 ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የራሳችን ነው። አማካዩ ምንያህል ተሾመ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት፣ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ከቦትስዋና ጋር በሚደረገው ጨዋታ መሰለፍ አልነበረበትም። ሆኖም ተሰለፈ። ኢትዮጵያ በሜዳ ላይ 2 ለ 1 ብታሸንፍም ፊፋ ውጤቱን ሰርዞ ለቦትስዋና የ3 ለ 0 ድል ሰጠ። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካ በአዲስ አበባ 2 ለ 1 ስትሸነፍ ምድቡን አስቀድሞ ያረጋገጠ የመሰለው ቡድን፣ ሦስት ነጥብ ተቀንሶበት ዕጣው ወደ መጨረሻው ጨዋታ ተዛወረ። ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 በማሸነፉ ብቻ አለፈ።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። የካርድ መዝገብን መያዝ የጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። አሰልጣኙ ማን እንደሚጎድል አስቀድሞ ካላወቀ ሌላ አሰላለፍ ሊያዘጋጅ አይችልም።

አማካይ ሲጎድል በአሰልጣኙ ፊት ሦስት አማራጮች አሉ። አንደኛው ተመሳሳይ ሚና ያለውን ተጫዋች ተክቶ አጨዋወቱን ሳይለውጡ መቀጠል ነው። ሁለተኛው የአንዱን ሥራ ለሁለት ማካፈል ሲሆን፣ አንዱ አጥቂ ወደ ኋላ ተስቦ መሃሉን ያጠናክራል። ሦስተኛው መላውን ቡድን ወደ ራሱ የግብ ክልል አስጠግቶ በመልሶ ማጥቃት መጫወት ነው። ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ፤ ከሁሉ የከፋው ግን ምርጫውን በጨዋታው ዕለት መጀመር ነው።

አርሶ አደሩ ይህን ከእርሻው ያውቀዋል። ከጥንድ በሬዎቹ አንዱ የታመመበት ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። መቀናጆውን ቀድሞ የተነጋገረ ሰው በሬ ፍለጋ ሲዞር የዝናቡ ወቅት አያልፍበትም።

የወረዳና የከተማ ቡድኖቻችንም ከዚሁ ሊጀምሩ ይችላሉ። የእያንዳንዱን ተጫዋች ካርድ በደብተር መመዝገብ፣ በሳምንት አንድ ቀን ያለ ዋናው አማካይ መለማመድ፣ ታዳጊዎችን ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ማሰልጠን ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ከሁሉም በላይ ግን ተተኪ የሌለው ቡድን የተጎዳውን ወጣት ሳይድን ወደ ሜዳ ይመልሰዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጠው የደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ደግሞ እንኳን ለታመመ ለጤነኛም ሩጫው ይከብዳል። በዚያ ቀን የሚጠፋው ከሦስት ነጥብ ይልቅ የልጁ ጉልበት ነው፤ እርሱም በማግስቱ ለእርሻውም ለትምህርቱም ያስፈልገዋል።