አውሬው አለ፤ እረኞቹ የት ገቡ?

ክሪስቶፍ ጋንስ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2001 ለተመልካች የቀረበው «የተኩላዎች ቃል ኪዳን» የተሰኘው የፈረንሳይ ፊልም ታሪክን፣ አስፈሪ ተረትን፣ የወንጀል ምርመራንና የሩቅ ምሥራቅን የእጅ ፍልሚያ ያዳቀለ ሥራ ነው። ነቃፊዎቹም አዘውትረው የሚከስሱት በዚሁ ቅልቅሉ ነው። ክሱ ቦታውን ስቷል። በመክፈቻው ላይ አንዲት ሴት በማይታይ ኃይል ከዐለት ጋር ስትላተም፣ ማርክ ዳካስኮስ የሚጫወተው የኢሮኮይ ተወላጅ ማኒም በዝናብና በጭቃ መካከል ሲፋለም፣ ለፊልሙ ነፍስ የዘራበት ቅልቅሉ መሆኑ ግልጽ ነው። አውሬውን ለረዥም ጊዜ ከዓይን መሸሸጉም ብልኅነት ነው፤ መላ አካሉ በኮምፒዩተር ሥዕል ከተገለጠ ወዲህ ግን ፍርሃቱ ይበንናል።

ትልቁ ጥፋት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1764 እስከ 1767 በዤቮዳን ተራሮች መቶ ያህል ሰው የፈጀው እውነተኛው አውሬ በአብዛኛው የበላው ከብት ጠባቂ ሕፃናትንና ሴቶችን ነበር። እነርሱም ዝም ብለው አልተበሉም። በጥር 1765 ዣክ ፖርትፌ የተባለ ታዳጊ ከእረኛ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በዱላ ጫፍ በታሰረ ስለት አውሬውን መክቶ መለሰ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ማሪ-ዣን ቫሌ የተባለች ወጣት በጦር ወጋችው። በመስከረም የንጉሡ ጠመንጃ ያዥ ፍራንሷ አንትዋን አንድ ግዙፍ ተኩላ ገድሎ ድል ቢታወጅም እልቂቱ አልቆመም፤ በሰኔ 1767 ያስቆመው ዣን ሻስቴል የተባለ ያገሬው ሰው ነው።

ጋንስ ይህን ሁሉ ትቶ ድሉን ከንጉሥ ለተላከው ባላባት ለፍሮንሳክ ሸለመ። የሻስቴል ስም በፊልሙ ውስጥ አለ፤ ሥራው ግን የለም። ባላገሩ ወይ ሬሳ ነው፣ ወይ በጭቃ የሚርመሰመስ አጃቢ። ታሪኩን የሚተርከውም በአብዮቱ ዘመን ሕዝቡ ለሞት የሚወስደው ማርኪስ ነው፤ የተመልካቹ እንባ ለማን እንደ ታሰበ ከዚህ ይታወቃል።

ጭራቁስ ከየት መጣ? ቬንሳን ካሴል የሚጫወተው መኰንን ከአፍሪካ አምጥቶት ነው! አውሮፓዊው የገዛ መሳፍንቱንና ካህናቱን ሤራ ሲያጋልጥ እንኳ የአውሬውን ዘር ከሌላ አህጉር መበደሩን አልተወም። ማኒም ቢሆን የሚገደለው በባላባቱ ልብ የበቀል እሳት እንዲነድድ ነው።

«መዝናኛ ነው እንጂ የታሪክ መጽሐፍ አይደለም» የሚሉ ይኖራሉ። ዘመኑንና ስፍራውን በእውነተኛ ስማቸው የጠራው ግን ራሱ ፊልሙ ነው። ዛሬ በኦቬር መንደር ቫሌ ከአውሬው ጋር እንደ ተፋለመች በሐውልት ቆማለች፤ ከሁለት ሰዓት በላይ በሚፈጀው ፊልም ግን አንዲት ደቂቃ አልተሰጣትም።