ጉልበት ለጥበብ ባዕድ ነውን?

ስለ ብሬክ ዳንስ በተነሣ ቁጥር «ይህ የጡንቻ ትርዒት እንጂ ኪነ ጥበብ አይደለም» የሚል ፍርድ ይሰማል። ሌላ ሥፍራ ቢነገር ይታለፍ ይሆናል፤ በአርሲ ደጋ፣ በአሰላ ወይም በጎበሳ ሲነገር ግን ሊታለፍ አይገባም። አሰላ ኃይሌ ገብረሥላሴን፣ በቆጂ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ያፈሩ ከተሞች ናቸው። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና 10,000 ሜትር ስታሸንፍ «የሳንባ ትርዒት ነው» ብሎ ያጣጣለ አልነበረም። ለእግር የተሰጠው ክብር ለትከሻ የሚነፈግበት ምክንያት ምንድን ነው?

«ፓወር ሙቭ» የሚባሉትን እንቅስቃሴዎች ቀርቦ የተመለከተ እንዲህ አይፈርድም። በዊንድሚል ዳንሰኛው እግሮቹን ከፍቶ በትከሻውና በላይኛው ጀርባው ላይ ይሽከረከራል። ከጂምናስቲክ የተወረሰው ፍሌር ደግሞ መላ አካልን በሁለት እጆች ላይ እያፈራረቀ፣ እግር መሬት ሳይነካ ክብ ያሠራል። ኤርፍሌር ከሁሉም ይከብዳል፤ አካል ተገልብጦ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየዘለለ ሲዞር አንድም እጅ መሬት የማይነካበት ቅጽበት አለ። ኃይሉ ከክንድ ብቻ የሚመነጭ የሚመስለው ተሳስቷል። እግር ሲወነጨፍ የሚፈጠረውን ኃይል ለትከሻ የሚያደርሱት ሆድና ወገብ ናቸው፤ ወገቡ የላላ ሰው ክንዱ ቢፈረጥምም ይወድቃል። በአንድ እጅ ቆሞ የሚሽከረከር ዳንሰኛ እግሩን ሲሰበስብ ይፈጥናል፣ ሲዘረጋ ይዘገያል። የፊዚክስ መምህር ትምህርቱን በዚህ ቢጀምር ተማሪው ባላንቀላፋ ነበር!

«የባዕድ ነው» የሚለው ክስም ከዚህ የተሻለ አይደለም። እርግጥ ውዝዋዜው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒውዮርክ ብሮንክስ ከድሃ ወጣቶች መካከል ተወልዷል። ይሁን እንጂ እስክስታን የፈጠረ አገር በትከሻ መናገር እንግዳው አይደለም፤ የአርሲ ጭፈራም ለአንገት ምን ያህል ሥራ እንደሚሰጥ ያየ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሰርከስ ኢትዮጵያም አክሮባትን ከአገር ሙዚቃ ጋር አዋሕዶ በዓለም መድረክ አሳይቷል።

ሽክርክሪት ባዩ ቁጥር የሚያጨበጭቡ አድናቂዎችም ከወቀሳ አያመልጡም። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ዳኞች የመዘኑት ቴክኒክን፣ የእንቅስቃሴን ብዛት፣ አፈጻጸምን፣ ሙዚቃን መከተልንና ፈጠራን ነው። ጉልበት ለብቻው ነጥብ አልተሰጠውም፤ ሆኖም ያለ እርሱ ከአምስቱ አንዱም አይሟላም። ከምቱ የወጣ ሽክርክሪት ግን የእንዝርት ያህል እንኳ ጥቅም የለውም፤ እንዝርትስ ፈትል ታስገኛለች።

ከባዱ ወንጀል ወጣቱን ለበዓል መድረክ ጠርቶ ለልምምዱ ደንታ ማጣት ነው። በዚያው ዓመት በታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ፣ ለ19 ዓመታት በራሱ ላይ ሲሽከረከር የኖረ ዳንሰኛ አናቱ ላይ ያበጠው እብጠት በቀዶ ጥገና ተወግዶለታል። ያ ሰው የነበረው በዴንማርክ ነው። በባዶ ሲሚንቶ ላይ አንገቱን ለሚጥለው የደጋ ልጅ ምን ተዘጋጅቶለታል? አንገትና የእጅ አንጓ ከወራት ዝግጅት በኋላ እንጂ በአንድ ሳምንት ይህን ሸክም አይችሉም፤ ይህንንም የሚነግረው አሠልጣኝ ያስፈልጋል። የሚጠየቀው አንድ ወፍራም ምንጣፍና በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚከፈት አዳራሽ ነው።