«ሜዲካል ወደቅኩ» ያለችኝ ልጅ ምን ነበር ያመማት?

የአክስቴ ልጅ ከሶዶ ወደ አዲስ አበባ በሄደች በሳምንቷ ቴሌግራም ላይ አንዲት ቃል ላከችልኝ፦ «ወደቅኩ»። የትምህርት ቤት ፈተና እንዳይመስላችሁ። ወደ አረብ አገር ለሥራ ለመሄድ የሚደረገው ሜዲካል ነው። ቀጥላም የውጤቱን ፎቶ ላከችው። ከብዙ «ኔጌቲቭ» መሀል አንድ መስመር ላይ «ኤችቢኤስኤጂ፦ ፖዘቲቭ» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ የነገራት ሰው የለም። ወረቀቱን ሰጧት፣ «መሄድ አትችዪም» አሏት፣ ቀጣዩን ስም ጠሩ።

ሶዶ ስትመለስ ሰፈሩ ምርመራውን ጨርሶ ጠበቃት። «የወፍ በሽታ ነው» ተባለ። አንዷ ጎረቤት ገጠር ያሉ መድኃኒት አዋቂ ጠቆመች። ሌላው ቲክቶክ ላይ ያየውን «ጉበት የሚያጥብ» ጭማቂ ላከላት። እናቷ ደግሞ ምንም ሳይናገሩ የመጠጫ ኩባያዋን ለዩባት። ልጅቷ ግን ዓይኗ ነጭ፣ ምግብ የሚበላላት፣ አንድም ቀን ተኝታ የማታውቅ የ24 ዓመት ወጣት ናት።

እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። ለሆድና ለጉበት ሕመም ስም ለማውጣት ማንም አይቀድመንም፤ ለመመርመር ግን የመጨረሻ ነን።

«የወፍ በሽታ» የምንለው የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆንን ነው። ስሙ የሌሊት ወፍ ታመጣዋለች ከሚለው የቆየ እምነት የመጣ ነው። ቢጫነት ግን ራሱ በሽታ አይደለም፣ ምልክት ነው። ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር በደም ውስጥ ሲጠራቀም የሚታይ ነው። እንዲጠራቀም የሚያደርጉት ነገሮች ደግሞ ብዙ ናቸው። በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጡት ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ አሉ። ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ሲያፈርስ ይመጣል። የሐሞት ጠጠር መውጫውን ሲዘጋ ይመጣል። ለጉበት ተብሎ የተጠጣ ቅጠልም ራሱ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ መድኃኒት እንዴት ይሆናል? ሄፓታይተስ ኤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይድናል። ምስጋናውን ግን ቅጠሉ ይወስደዋል፤ በሌላ በሽታ ቢጫ የሆነው ቀጣዩ ሰውም ያንኑ ቅጠል ይጠጣል።

የአክስቴ ልጅ የተገኘባት ሄፓታይተስ ቢ ነው። ይሄኛው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የለውም። ዓይን ሳያበጫጭ፣ ሆድ ሳይቆርጥ ዓመታት ይቆያል፤ አንዳንዱን ሰው ለጉበት ጠባሳና ለጉበት ካንሰር ይዳርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች 254 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ መያዛቸውን በምርመራ ያወቁት ከመቶ 13ቱ ብቻ ነበሩ። የቀሩት እንደ እኔና እንደ እናንተ ስልካቸውን እየነካኩ ደህና ነኝ ብለው የተቀመጡ ናቸው።

ታዲያ ያቺ «ፖዘቲቭ» የምትል መስመር የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቫይረሱ ደሟ ውስጥ አለ። ጉበቷ ተጎድቷል አትልም። መድኃኒት ያስፈልጋታልም አያስፈልጋትምም አትልም። ለዚያ ሌላ ምርመራ አለ። ከስድስት ወር በኋላ ያው ምርመራ ይደገማል፤ አሁንም ካለ ሥር የሰደደ ነው ይባላል። የጉበት ኢንዛይም ይታያል፣ ፕሌትሌት ይቆጠራል፣ አልትራሳውንድ ይነሳል፣ ከተቻለ የቫይረሱ መጠን ይለካል። እነዚህ ተደምረው ነው ሐኪሙ «መድኃኒት ጀምሪ» ወይም «በየጊዜው እየመጣሽ ታዪ» የሚለው። መድኃኒቱም አገራችን ውስጥ አለ። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2007 ዓ.ም. የጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ቀደም ካሉት አንዱ ነው።

መተላለፊያው ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ በደም፣ በጋራ ምላጭና መርፌ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። በኩባያ አይደለም። በጉርሻ አይደለም። በጊፋታ ከአንድ ገበታ ስለበላን አንያያዝም።

አንድ ቁጥር ያዙልኝ፦ 1999 ዓ.ም.። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ በሕፃንነታችሁ ይህን ክትባት አላገኛችሁም ማለት ነው። በጨቅላነቱ ቫይረሱ የያዘው ልጅ ከመቶ 90 ያህል ዕድሉ ሥር የሰደደ ሕመም ነው፤ አዋቂ ሆኖ የተያዘ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያስወግደዋል። ስለዚህ መመርመር ያለብን እኛው፣ የዚህ ገጽ አንባቢዎች ነን። ከሌለባችሁ ሦስት ዙር ክትባት አለ። ካለባችሁ ክትትል አለ።

አሁን ሰው ላይ ጣቴን እንዳልቀስር የራሴን ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጨጓራ» ነበረብኝ። ማን ነገረኝ? እኔው ነኝ። ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ እየገዛሁ እውጥ ነበር። ዳጣ ተውኩ። ወላይታ ተወልዶ ዳጣ መተው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል! በኋላ አንድ ክሊኒክ በደም ምርመራ ኤች ፓይሎሪ አለብህ አለኝ፤ መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ሕመሙም ተወኝ። ከሁለት ወር በኋላ ለማረጋገጥ ያንኑ የደም ምርመራ ደገምኩ፤ አሁንም ፖዘቲቭ። ሁለተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ዋጥኩ። ሦስተኛው ሐኪም ናቸው በትዕግሥት ያስረዱኝ፦ የደሙ ምርመራ የሚያየው ሰውነት ለጀርሙ የሠራውን መከላከያ ነው፤ ጀርሙ ከሞተ በኋላም ፖዘቲቭ እያለ ይቆያል። ድኛለሁ ወይ ለማለት የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ያስፈልጋል፤ እሱም ኦሜፕራዞል ሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ አንድ ወር ከተቋረጠ በኋላ። አደረግኩ፤ የለም ተባለ። ሁለተኛውን ዙር በከንቱ ነው የዋጥኩት።

የጨጓራ ቁስል ለረጅም ጊዜ በጭንቀትና በአመጋገብ ሲሳበብ የኖረ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ጀርሙን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። እኛ ግን ዛሬም ጥፋቱን ዳጣ ላይ እንጥላለን።

ደግሞ በእኛ ዞን ሆድ ቁርጠት ሁሉ ጨጓራ አይደለም። ወላይታ የአንጀት ትላትሎችና ቢልሃርዝያ የሚገኙበት ስለሆነ ነው ጌሺያሮ የተባለው ትልቅ ፕሮጀክት እዚህ የተሠራው። ተማሪዎችን ብቻ ሳይሆን መላውን ማኅበረሰብ ማከም ሥርጭቱን ያቆመው እንደሆነ ለማየት ነው። በአንጀት የሚቀመጠው ቢልሃርዝያ እንቁላሉ ጉበት ውስጥ እየተቀበረ ጠባሳ ይሠራል፤ ሰውን ደም እስከ ማስታወክ ያደርሳል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ኦሜፕራዞል አይነካውም። እንቁላሉ ጥቂት ሲሆን አንድ የሰገራ ናሙና ሊስተው ይችላል። ስለዚህ በወንዝ ወይም በሐይቅ ውሃ ዋኝታችሁ ካደጋችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል።

የጤና ተቋማትን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ውጤት ስትሰጡን የምርመራውን ስም፣ ቁጥሩንና ቀጣዩን እርምጃ ጻፉልን። ለውጭ ሥራ የሚመረምሩም ቢሆኑ «ወደቅሽ» ብለው መሸኘት የለባቸውም። የት ሄዳ እንደምትታይ መንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከእናንተ ደግሞ ስልካችሁን እፈልጋለሁ። ሐኪም ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ማስታወሻ ላይ ጻፉ፦ ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ምን ምን መድኃኒትና ቅጠል ወሰዳችሁ። ውጤቱን ሁሉ ፎቶ አንሱ፣ አትጣሉት። «የየትኛው ምርመራ ውጤት ነው? ቀጥሎስ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ማስታወክ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የሆድ መነፋትና የዓይን ቢጫ መሆን ካያችሁ ግን ማስታወሻም ቲክቶክም ይቅር፤ በዚያው ቀን ሂዱ።

የአክስቴ ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ሶዶ ላይ እንደገና ተመረመረች። ቫይረሱ አለ፤ የጉበት ኢንዛይሟ ደህና ነው፣ አልትራሳውንዱም ንጹሕ ነው። መድኃኒት አልተጻፈላትም፤ በየስድስት ወሩ እየመጣች እንድትታይ ተነገራት። እናቷንና ታናሽ እህቷን ይዛ ሄዳ አስመረመረች። እህቷ ነጻ ሆና ተገኘችና ክትባቱን ጀመረች። እናትየው ደግሞ የተለየችውን ኩባያ ከሌሎቹ ጋር መልሰው ደረደሯት።